«ባሕር ዳር ቦታ ልገዛ ነው»

ባለፈው ሰሞን ከአንድ ወዳጄ ጋር ቡና እየጠጣን ሳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ባሕር ዳር ቦታ ልገዛ ነው» አለኝ። እኔም ጣና ዳር መስሎኝ «እሰይ! ልትገባ ነዋ!» ብዬ ልስመው ስነሣ፣ «ኧረ የጎጃሙን አይደለም፤ የኮስታ ሪካውን ነው» ብሎ ስልኩን ከፈተልኝ። ዘንባባ፣ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውሃ። ከውሃው እስከ ቦታው ሠላሳ እርምጃ ነው አለኝ።

ይህ ወዳጄ ዕድሜውን በፓርኪንግና በታክሲ የጨረሰ ሰው ነው። ጉልበቱ የዚህን አገር ብርድ አልችል ብሏል። የዕቁብ ዕጣ ወጥቶለት ሦስት ሺህ ዶላር ቀብድ ልኳል፤ የቀረውን በወሩ መጨረሻ ሊልክ ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ነገሩ የሳቅ አልነበረም።

እኔም «ሠላሳ እርምጃ» የሚለው ነገር ከነከነኝና የአገሩን ሕግ አገላበጥኩ። ኮስታ ሪካ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ ውሃው ሞልቶ ከሚደርስበት መሥመር ጀምሮ ያለው 200 ሜትር የባሕር ጠረፍ ክልል ነው። የመጀመሪያው 50 ሜትር የሕዝብ ነው፤ ማንም አይገዛውም፣ አያጥረውም። ቀጥሎ ያለው 150 ሜትርም በይዞታ ፈቃድ ከማዘጋጃ ቤቱ ይወሰዳል እንጂ አይሸጥም። ፈቃዱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። የውጭ አገር ሰው ደግሞ ቢያንስ 5 ዓመት በአገሩ ካልኖረ ፈቃዱን ማግኘት አይችልም። ከሕጉ በፊት በባለቤትነት ከተመዘገቡ ጥቂት ቦታዎች በቀር ደንቡ ይኸው ነው። በ1967 ዓ.ም. መሬት ሲወረስ ላየ፣ በኋላም ሊዝ የሚባለውን ለለመደ የኛ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወዳጄን ይህን ባሳየው ፊቱ ተለዋወጠ። «ታዲያ ሰውዬው የሚሸጥልኝ ምኑን ነው?» አለኝ። «ፎቶግራፉን» አልኩት። በኋላ ግን ቆጨኝ።

ተስፋ የሚያስቆርጥ ግን አይደለም። ከ200 ሜትሩ ወዲህ ያለውን መሬት የውጭ አገር ሰው በስሙ መግዛት ይችላል፤ ቱሪስት ቢሆንም እንኳ። ይህን ያሰባችሁ ካላችሁ ግን እነዚህን ነገሮች አትርሱ።

አንደኛ፣ የቦታውን የምዝገባ ቁጥር ተቀብላችሁ በአገሩ ብሔራዊ መዝገብ ቤት አስመርምሩ። ባለቤቱ ማን ነው? ዕዳ ወይም ዕግድ አለበት ወይ? ሁለተኛ፣ ውሉን የሚያዘጋጀው ኖታሪ ጠበቃ ነው፤ የሻጩን ሳይሆን የራሳችሁን ያዙ። ሦስተኛ፣ በካዳስተር የተመዘገበውን ፕላን ጠይቁ፤ ከመሬቱ ጋር ይመሳከር። አራተኛ፣ የውሃ አገልግሎት ደብዳቤ ይኑር፤ ያለ ውሃ የግንባታ ፈቃድ የለም። በተለይ ጓናካስቴ በሚባለው ጠረፍ በጋው ደረቅ ስለሆነ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። አምስተኛ፣ ለስም ማዛወሪያ 1.5 በመቶ፣ በየዓመቱም ከንብረቱ ግምት 0.25 በመቶ ግብር እንዳለ ቁጠሩ። የጠበቃው ለብቻው ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሳያዩ ገንዘብ አይላክም። በግ እንኳ ስንገዛ ላቱን ጨብጠን አይደለም?

ወዳጄ የቀረውን ገንዘብ አልላከም። ሦስቱ ሺህ ግን እስካሁን አልተመለሰም፤ ሻጩም ስልክ አያነሣም። በመስከረም፣ ዝናቡ በሚበረታበት ወር፣ ሄዶ አንድ ወር ቤት ተከራይቶ ሊሞክረው አስቧል። ቦታውን ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጭቃ ላይ ማየት ይሻላል ብሎ ነው።

ባለቤቱ ግን ሌላ ነገር አንሥታለች። «ውሃውም ይገኝ፣ ካርታውም ይውጣ። እድር በሌለበት አገር ብንሞት ማን ይቀብረናል?» አለችው። እሱም መልስ አጥቶ ወደ እኔ ደወለ። እኔም አጣሁ። እናንተ መልስ ካላችሁ ጻፉልን።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።