የሒሮሺማ መኪና

የጃፓን መኪና ሲነሣ በአገራችን ሰው ልቡና ቀድሞ የሚሣለው ቶዮታ ነው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገጠር ለገጠር ለሚዞረው ሐኪምም ሆነ ከመርካቶ ቦሌ ሰው ሲያመላልስ ለሚውለው ባለታክሲ፣ ለብዙ ዘመን የታመነ አገልጋይ ሆኖ የኖረው እሱ ነውና ስሙን በክብር ማንሣት ከውለታ ይቆጠራል። እኔም በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ የምልበት ነገር የለኝም። ዳሩ ግን ጠቃሚነት ሌላ፣ ታሪክ ሌላ ነውና፣ ከጃፓን መኪና ሠሪዎች መካከል የየትኛውን ገድል ብትጽፍ ትወዳለህ ብባል፣ በሽያጭ ብዛት ከታላላቆቹ እጅግ ወደ ኋላ የሚቀረውን፣ ከመቃብር አፋፍም ከአንድ ጊዜ በላይ የተመለሰውን ማዝዳን ያለ ማወላወል እመርጣለሁ። ከዚህ በታች የምጠራው ዘመን፣ ሌላ ነው ካላልኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ኩባንያው በ1920 በሒሮሺማ ከተማ ሲቋቋም ሥራው መኪና ሳይሆን ቡሽ ነበር። በዓመቱ አመራሩን የተረከበው ጁጂሮ ማትሱዳ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ሲሆን፣ ገና በብላቴንነቱ ወደ ኦሳካ ተሻግሮ ከአንጥረኛ ቤት በማገልገል እጁን ያሠለጠነ፣ ነፍሱም ከብረት ጋር የተዋደደች ሰው ነበርና፣ ቡሹን ቀስ በቀስ ወደ ጎን እያደረገ ወደ ማሽን ሥራ አዘነበለ፤ በ1931ም ከፊት እንደ ሞተር ቢስክሌት በእጀታ የሚመራ፣ ከኋላው የዕቃ መጫኛ ያለው ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ሠርቶ ለገበያ አወጣ። ማዝዳ የሚለው ስም የወጣው ለዚህ ተሽከርካሪ ነው፤ ከቤተሰቡ ስም ጋር ከመቀራረቡም በላይ፣ የጥንት ፋርሶች የጥበብና የብርሃን አምላክ ያሉት የአሁራ ማዝዳ ስም ነው። የዚያ እምነት መምህር የነበረውን ሰው የእኛ የወንጌል መተርጉማን ዠረደሸት እያሉ፣ የጌታን ልደት ኮከብ በፍልስፍናው አስቀድሞ ያየ ጠቢብ አድርገው እንደሚተርኩለት ሳስብ፣ ይህ ስም ከሒሮሺማ ባለፋብሪካ ይልቅ ለጎንደር የአብነት ተማሪ ሳይቀርብ አይቀርም እያልኩ ፈገግ እላለሁ።

በ1945 ኦገስት 6 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1937፣ ማትሱዳ 70 ዓመት የሚሞላበት የልደቱ ዕለት ነበር። ሽማግሌው በማለዳ ተነሥቶ ወደ ከተማው መካከል ከወረደና ፀጉሩን ከተስተካከለ በኋላ በመኪናው ተሳፍሮ ጉዞ ላይ ሳለ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ሲሆን፣ የሰው ልጅ እስከዚያች ሰዓት አይቶት የማያውቀው እሳት በከተማይቱ ላይ ወረደ። ከፀጉር አስተካካዩ ወንበር ጥቂት ዘግይቶ ቢነሣ ኖሮ ከጠፉት እልፍ አእላፍ ነፍሳት እንደ አንዱ በሆነ ነበር። ፋብሪካው ደግሞ አቶሚክ ቦምቡ ከፈነዳበት ስፍራ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ፉቹ በሚባል ቀበሌ የሚገኝ ሲሆን፣ በመካከሉ ሒጂያማ የምትባል አነስተኛ ኮረብታ ጋርዳዋለችና፣ መስኮቱ ረግፎ ጣራውም ተጎድቶ ሳለ ሕንፃው ሳይወድቅ ቆመ። ይህ ፋብሪካ በጦርነቱ ዘመን ለጃፓን ሠራዊት ጠመንጃ ሲሠራ የኖረ መሆኑን ግን መሰወር አይገባም፤ የመዓቱ ሰለባ ከመሆኑ አስቀድሞ የጦርነቱ መሣሪያ ነበር።

ከተማይቱ አመድ በሆነች ጊዜ፣ መጠጊያ ጣራ ያለው ትልቅ ቤት እሱ ብቻ ነው ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ የአውራጃው መስተዳድር መሥሪያ ቤቱን ወደዚያው አዛወረ፤ ፍርድ ቤቱና የራዲዮ ጣቢያውም እዚያው ተጠለሉ። ቁስለኛው የሚታከምበት፣ አገረ ገዢው የሚያዝዝበት፣ ዳኛው የሚፈርድበት ስፍራ አንድ ፋብሪካ ሆኖ አንድ ዓመት ያህል ቆየ ማለት ነው። በዚያው በ1945 ዓመት በዲሴምበር ወር ደግሞ ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ እንደገና መሠራት ጀመረ። የሒሮሺማ ሰው ማዝዳን እንደ ከተማው ንብረት የሚያየው ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል።

ጁጂሮን የተካው ልጁ ጹኔጂ ማትሱዳ በ1960 አር 360 የተባለችውን፣ ክብደቷ 400 ኪሎ የማይሞላ፣ ዋጋዋም 300,000 የን የሆነች ታናሽ መኪና አውጥቶ ተራውን ጃፓናዊ ባለመኪና ለማድረግ ሲጥር፣ ከወደ ቶኪዮ ሌላ ሥጋት መጣበት። የመንግሥቱ የንግድና የኢንዱስትሪ ሚኒስቴር፣ በሩ ለውጭ መኪና ከመከፈቱ በፊት፣ የአገሩ መኪና ሠሪዎች በጥቂት ቡድን እንዲጠቃለሉ ያስብ ነበርና፣ እንደ ሒሮሺማው ያለ የአውራጃ ኩባንያ ሌላው የሌለውን አንድ ነገር በእጁ ካልጨበጠ በቀር በታላላቆቹ መዋጡ የማይቀር ሆኖ ታየው። ያን አንድ ነገር ፍለጋ ጹኔጂ ወደ ምዕራብ ጀርመን ሄደ፤ በዚያም ፌሊክስ ቫንክል የተባለው ጀርመናዊ ያፈለቀውን፣ ኤን ኤስ ዩ የተባለው ኩባንያ የያዘውን ሮታሪ ሞተር አይቶ፣ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የመሥራት ፈቃዱን ገዛ።

ይህ ሞተር በወረቀት ላይ ሲታይ እጅግ ያማረ ነው። በተለመደው ሞተር ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ ምልልሱን ቢየላው ተቀብሎ ወደ መሽከርከር ይለውጠዋል፤ ቫልቮላዎቹም በየተራቸው እየተከፈቱና እየተዘጉ ያስገባሉ፣ ያስወጣሉ። በሮታሪው ግን ፒስተንም ቫልቮላም የለም፤ ወገቡ ጥቂት ገባ ባለ ሞላላ ክፍል ውስጥ፣ ጎኖቹ ጎበጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከራል፤ በብረቱ ጎንና በግድግዳው መካከል ያለው ስፍራ እየሰፋና እየጠበበ ሲሄድም መሳቡ፣ ማመቁ፣ ማቃጠሉና ማስወጣቱ ተራ በተራ ይፈጸማል። ስለዚህ ሞተሩ ታናሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ መንቀጥቀጡም እጅግ ጥቂት ነው።

መከራው ያለው በሦስቱ ማዕዘኖች ጫፍ ላይ ነው። በየጫፉ ጋዙ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው እንዳያመልጥ የሚከለክል ቀጭን መዝጊያ ተሰክቷል፤ እሱም ሞተሩ እስካለ ድረስ ግድግዳውን እየታከከ ይዞራል። በሒሮሺማ የተሞከሩት የመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ጥቂት ሰዓት እንደ ሠሩ ተከፍተው ሲታዩ፣ መስተዋት ይመስል የነበረው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር በተደረደረ ሞገዳማ ጭረት ተበላሽቶ ተገኘ፤ መሐንዲሶቹም ይህን ጭረት የዲያብሎስ ጥፍር አሉት። ዘይቱም በማይገባበት እየገባ ይቃጠልና ጭሱ ነጭ ሆኖ ይወጣ ነበር።

ይህን ሸክም እንዲሸከም የተመረጠው ኬኒቺ ያማሞቶ፣ በዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና የተማረ ሰው ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ፈረሰችው ሒሮሺማ ተመልሶ በዚያው ፋብሪካ እንደ ተራ ሠራተኛ የባለ ሦስት እግሩን ካምቢዮ ሲገጥም የቆየ ነው። ከሱ ጋር የተመደቡት መሐንዲሶች 47 ነበሩ፤ በጃፓን ትውፊት የጌታቸውን ደም ለመመለስ ብዙ ታግሠው፣ ብዙ ውርደት ተቀብለው፣ በመጨረሻ የተነሡት ሳሙራዮች ቍጥር እንዲሁ 47 ስለሆነ፣ የእነዚያን ስም ወረሱ። መዓልትና ሌሊት ሳይሉ መዝጊያውን በየዓይነቱ ማዕድንና በየዓይነቱ ቅርጽ ሲሞክሩ ከከረሙ በኋላ፣ መፍትሔው አሉሚኒየም ከጠጣ ካርቦን በተሠራ መዝጊያ ተገኘ፤ ግድግዳውም መቧጠጡ ቀረ። በ1967 ኮስሞ ስፖርት የተባለችው መኪና፣ ይዘቱ አንድ ሊትር በማይሞላ ባለ ሁለት ሮታሪ ሞተር 110 የፈረስ ጉልበት ይዛ ለሽያጭ ቀረበች። ፈቃዱን የሸጠው ኤን ኤስ ዩ በዚያው ዓመት የራሱን ባለ ሮታሪ መኪና አውጥቶ፣ መዝጊያዎቹ ያለ ጊዜያቸው እያለቁ ለደንበኞቹ ሞተር ሲለውጥ ኪሣራ ላይ ወደቀና በ1969 በቮልክስቫገን ተጠቀለለ። የሸጠው ወድቆ፣ የገዛው ቆመ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን የማዝዳ ወዳጆች ሲተርኩት አይጠግቡም፤ የሚቀጥለውን ግን ብዙዎቹ ፈጠን ብለው ያልፉታል። ኩባንያው ሮታሪውን በስፖርት መኪና ብቻ ሳይወስን ለቤተሰብ መኪናውም አዳርሶት፣ በአሜሪካም ገበያ ተደላድሎ ሳለ፣ በ1973 የመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ተነሥቶ የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ወጣ። ሮታሪው ደግሞ ቤንዚን ጠጪ ነው። ገዢው ሸሸ፤ መኪናው ሳይሸጥ በየግቢው ተከማቸ፤ ሱሚቶሞ ባንክ ገብቶ ሒሳቡን በእጁ አደረገ፤ የፋብሪካ ሠራተኞች ከማሽናቸው እየተነሡ ወደየሻጩ ተልከው መኪና እንዲሸጡ ተደረገ። ብረት እንጂ ደንበኛ ማግባባት ተምሮ ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ጭንቅ እንደነበረ መገመት አያዳግትም። የመሥራቹ የልጅ ልጅ ኮሄይ ማትሱዳ በ1977 ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ፤ በ1979ም የአሜሪካው ፎርድ ከኩባንያው ሩብ ያህሉን ገዛ። ግትርነት ሲሳካ ጽናት ተብሎ ይመሰገናል፤ ሳይሳካ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ግትሩ ሰው ብቻ ሳይሆን ደመወዝ ጠባቂው ሁሉ ነው። የማዝዳን ታሪክ እወዳለሁ፤ ስለወደድኩትም ይህን ልሸፍንለት አልሻም። ኩባንያውን ከውድቀቱ ለማንሣት ትልቁን ድርሻ ያበረከተውም በ1980 የወጣችው፣ ተራ ፒስተን ያላት፣ በፊት ጎማዋ የምትነዳ ፋሚሊያ የተባለች የቤተሰብ መኪና ነበረች፤ በጃፓን የዓመቱ መኪና የሚለውን ሽልማት ሲጀመር የተቀበለችውም እሷ ናት። ሮታሪው በአብዛኛው አር ኤክስ 7 ወደተባለችው የስፖርት መኪና ተወስኖ፣ የቤንዚን ፍጆታ ከማያስጨንቀው ገዢ ዘንድ እንዲኖር ሆነ፤ ስፍራውም ያ ነበር።

ይሁን እንጂ ያ ሞተር አንድ የክብር ቀን ቀርቶለት ነበር። በፈረንሳይ አገር ሌ ማን በተባለች ከተማ፣ ሦስት ነጂዎች እየተፈራረቁ 24 ሰዓት ያለ ዕረፍት የሚነዱበት ውድድር በየዓመቱ ይደረጋል። ማዝዳ ወደዚህ ውድድር ብዙ ዓመት ተመላልሶ፣ በ1991 ባለ አራት ሮታሪዋን 787 ቢ ይዞ ቀረበ፤ ድምፅዋ እጅግ የሰላ ነበርና ገና ሳትታይ ትታወቅ ነበር። ለብዙ ሰዓት ይመራ የነበረው መርሴዲስ ውድድሩ ሊፈጸም ጥቂት ሰዓት ሲቀር ሞተሩ ግሎ ቆመ፤ 55 ቍጥር የለጠፈችው ማዝዳ መሪነቱን ያዘች። የመጨረሻውን ተራ የነዳው እንግሊዛዊው ጆኒ ኸርበርት 362ኛውን ዙር ፈጽሞ ከመኪናው ሲወርድ፣ ሙቀቱና ጥማቱ አቅሉን አስቶት ወደቀ፤ ቫይድለርና ጋሾ የተባሉት ጓደኞቹ በአሸናፊዎቹ ሰገነት ላይ ሲቆሙ እሱ በሐኪም እጅ ነበር። በዚያ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ኩባንያ ማዝዳ ነው። ቶዮታ፣ ያ ግዙፉ ቶዮታ፣ ይህን ድል ያገኘው በ2018 መሆኑን ስናስታውስ፣ የሒሮሺማ ሰዎች ቢኮሩ የሚፈረድባቸው አይመስለኝም።

ሰው ማዝዳን ስለ ምን ይወዳል ቢሉኝ ግን፣ ከሌ ማን ድል ይልቅ በ1989 የወጣችውን ኤም ኤክስ 5 የተባለችውን ባለ ሁለት ወንበር ክፍት መኪና እጠራለሁ። ሐሳቧ የመጣው ቦብ ሆል ከተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ሲሆን፣ እንግሊዞች ይሠሯቸው የነበሩት ርካሽና ፈጣን ክፍት መኪኖች ከገበያ በጠፉበት ጊዜ፣ እናንተ ብትሠሩት ብሎ ለያማሞቶ ነገረው፤ ያማሞቶም ኋላ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሲሆን ሥራው ገፋ። የሚደንቀው፣ ለዚህች መኪና ሮታሪውን አልሰጧትም፤ ተራ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ብቻ ሰጥተው፣ ድካማቸውን ሁሉ ክብደት በመቀነስና መሪው፣ ካምቢዮውና ፔዳሉ ለነጂው እጅና እግር ቶሎ እንዲታዘዙ በማድረግ ላይ አዋሉት። መመሪያ ያደረጉት ፈረሰኛውና ፈረሱ አንድ አካል ይሁኑ የሚለውን የአገራቸውን ነባር አባባል ነው። ነገሥታቱን አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው እያለ በፈረሳቸው ስም ሲጠራ ለኖረው ለእኛ ሕዝብ ይህ አሳብ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይሆንም። በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠርታለች፤ በዓይነቷም ከእሷ በላይ የተሸጠ የለም።

ሮታሪው በ2012 አር ኤክስ 8 የተባለችው መኪና መሠራቷ ሲቀር አብሮ ቆሞ ነበር። በ2023 ማዝዳ እንደገና አወጣው፤ ዳሩ ግን ጎማ እንዲያዞር ሳይሆን፣ በባትሪ ለምትነዳ ኤም ኤክስ 30 ለተባለች መኪና ኤሌክትሪክ ብቻ እንዲያመነጭ ነበር። ጡረታ የወጣውን የጦር ጀግና ዘበኛ አድርጎ እንደ መቅጠር ነው፤ ሥራ ፈትቶ ከመቀመጥ ይሻለዋል ብዬ አልፌዋለሁ።

ለዕለት ሥራ መኪና የሚፈልግ ወዳጅ ቢያማክረኝ አሁንም ቶዮታ እለዋለሁ። በውጭ አገር ከሚኖሩት አንባቢዎቼ መካከል ደግሞ አሮጌ አር ኤክስ ልግዛ ብሎ ልቡ የተነሣ ቢኖር፣ ከመክፈሉ በፊት ሮታሪ በሚያውቅ መካኒክ የሞተሩን ኮምፕሬሽን ያስለካ፤ ሞተሩ በሞቀበት ጊዜም አጥፍቶ ያስነሣው፤ በሙቀቱ እምቢ የሚል ከሆነ መዝጊያዎቹ አልቀዋልና ይተወው። ከገዛውም በኋላ፣ ይህ ሞተር መዝጊያዎቹን ለማለስለስ ዘይት እንዲያቃጥል ሆኖ የተሠራ ነውና፣ ቤንዚን በቀዳ ቍጥር የዘይቱን መለኪያ አውጥቶ ይመልከት።