ቁልፉ ከእናቴ መቀነት ላይ ሲፈታ

ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ደም ግፊት መድኃኒት አወሳሰድ የጻፍኩትን ያነበበ አንድ አባወራ ደውሎልኝ ነበር። የደወለው ግን ስለ ደም ግፊት ሊጠይቀኝ አልነበረም። «ሲስተር፣ አባቴ 79 ዓመታቸው ነው። እኔ ቤት ነው የሚኖሩት፣ ምንም ያጎደልኩባቸው ነገር የለም። የጡረታቸውን የባንክ ደብተር ግን አልሰጥም ብለው ትራሳቸው ሥር አድርገው ይተኛሉ። በየወሩ ታክሲ ተሳፍሬ ራሴ ካላወጣሁ ይላሉ። መንገድ ላይ ወድቀው ቢሰበሩስ? እንዴት አድርጌ ላሳምናቸው?» አለኝ። ድምፁ የሚያስብ ልጅ ድምፅ ነው። የአባቱን ብር የሚፈልግ ልጅ ለማያውቃት ነርስ ደውሎ ምክር አይጠይቅም።

እኔ ግን ወዲያው መመለስ አቃተኝ። «እደውልልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ከአምስት ዓመት በፊት እኔ ራሴ እንደ እሱ ስለነበርኩ፣ እንዲያውም ከእሱ ብሼ ስለነበር ነው። እሱ ደብተሩን ገና ሊወስድ እያሰበ ነው፤ እኔ ቁልፉን ወስጄ ነበር።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ደብረ ብርሃን ነው። አባታችን ካረፈ በኋላም ከቤቷ አልወጣችም። ጓሮዋ ውስጥ ጎመንና ድንች ታበቅላለች፣ ማኅበሯን ትጠጣለች፣ ዕድሯን ትከፍላለች። በ82 ዓመቷ አንድ የኅዳር ማለዳ፣ ውርጩ ገና ሳይነሣ፣ የበሩ ደረጃ ላይ አዳለጣትና የእጇ አንጓ ተሰበረ። ጡረታ ከወጣሁ ገና ዓመቴ ነበር። ሄጄ አመጣኋት። «እስክትድኚ ነው» አልኳት። እጇ በስድስት ሳምንት ዳነ። እሷ ግን አልተመለሰችም። አልመለስናትም ማለት ይሻላል።

መጀመሪያ የወሰድኩት ቁልፏን ነው። እናቴ የሣጥኗን ቁልፍ ከመቀነቷ ጋር አስራ ነበር የምትኖረው። ገላዋን ስናጥባት ፈታሁትና «ይጠፋብሻል» ብዬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቀጥሎ ገንዘቧን ያዝኩላት። ስልኳን፣ ሳታውቅ ሰው ጋ እየደወለች ካርዱን ትጨርሳለች ብዬ ወሰድኩት። ቤተ ክርስቲያን መንገዱ ጠጠር ስለሆነ በእሑድ ብቻ፣ ያውም መኪና ሲገኝ ሆነ። ሽንት ቤታችን ግቢው ጥግ ላይ ስለሆነ ሌሊት ትወድቃለች ብዬ የአዋቂ ዳይፐር ገዛሁላት። ሽንቷ ግን አላመለጣትም ነበር። ሰው እጇን ይዞ ቢያወጣት ደርሳ የምትመለስ ሴት ናት። እጇን ይዞ የሚያወጣት ሰው እንቅልፉ እንዳይጎድል ተብሎ ነው ዳይፐር ያደረገችው። ያ ሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ይህን የሠራሁት 37 ዓመት በነርስነት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ሳያስፈልግ ዳይፐር የተደረገለት ሽማግሌ ከጥቂት ወራት በኋላ ሽንቱን የመቆጣጠር ልማዱን እንደሚያጣ፣ ቆዳው እንደሚላጥ ለተማሪ ነርሶች ያስተማርኩ ሰው ነኝ። በሰው እናት ላይ ሲሆን ይታየኛል፤ በራሴ እናት ላይ አልታየኝም።

በዚያው ሰሞን እናቴ የጃጀች መሰለን። የጠየቅናት ሌላ፣ የምትመልሰው ሌላ። «ምሳ በላሽ ወይ?» ሲሏት «እሺ» ትላለች። «ዛሬ ማን መጣ?» ሲሏት «እሺ» ትላለች። ቴሌቪዥኑ ፊት ትቀመጣለች፣ ከቡና ላይ ትነሣለች። ልጆቼ «አያቴ እኮ እየረሳች ነው» አሉ። እኔም ራሴን እየነቀነቅኩ፣ ዕድሜ ነው አልኩ።

አሜሪካ ያለው ወንድሜ ደወለ። «እማዬ እንደሆነ ከእንግዲህ አትመለስም። ቤቱ ባዶውን ከሚፈርስ ይሸጥና ለመታከሚያዋ ይሁን» አለኝ። ክፋት የለበትም። በየወሩ ገንዘብ የሚልከው እሱ ነው። እኔም እውነት ነው ብዬ ተስማማሁ። ለመሸጥ ግን የእሷ ውክልና ያስፈልጋል። አንድ ሐሙስ ጠዋት ነጠላዋን አስተካክዬላት «ትንሽ የወረቀት ጉዳይ አለ» ብዬ ይዣት ወጣሁ። የነገርኳት ይህን ብቻ ነው።

ሰነድ የምታረጋግጠው ሠራተኛ ከትልቋ ልጄ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ናት። ወረቀቱን አንብባ ቀና አለችና እናቴን ጠየቀቻት፦ «እማማ፣ ምን ሊፈርሙ እንደመጡ ያውቃሉ?» እናቴ «እሺ» አለች። እኔ ልመልስላት አፌን ስከፍት ልጅቷ እጇን አነሣች፤ «ይቅርታ እናቴ፣ እሳቸውን ነው የምጠይቀው» አለችኝ። ከጠረጴዛዋ ጀርባ ተነሥታ መጣች። እናቴ ጎን ቁጢጥ አለች፣ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ቀስ ብላ ደገመችላት፦ «ደብረ ብርሃን ያለውን ቤትዎን ልጅዎ እንዲሸጡልዎ ነው ወረቀቱ። ይስማማሉ?»

እናቴ ዞር ብላ እኔን አየችኝ። «ቤቴን? ማነው ቤቴን የሚሸጠው?»

ልጅቷ ሌላ ምንም አልተናገረችም። ወረቀቱን መለሰችልኝ። ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሰምቷል። በአገልግሎት ዘመኔ ብዙ ነገር አፍሬበታለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን አላፈርኩም።

ታክሲ ውስጥ ሆነን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ጆሮዋ ሥር ስትናገራት እኮ እናቴ አልተዘባረቀችም። የተጠየቀችውን ነው የመለሰችው። ማታ በእጅ ባትሪ ጆሮዋን አየሁት። ሁለቱም ጆሮዎቿ በኩክ ተደፍነዋል። ለጥቂት ቀን ማለስለሻ ጠብታ አደረግንላት፣ ከዚያ ክሊኒክ ወስጃት ለብ ባለ ውኃ አጠቡላት። (በነገራችን ላይ፣ በክብሪት እንጨትም ሆነ በጥጥ መጎርጎር ኩኩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል እንጂ አያወጣውም፤ እባካችሁ ተዉት።) ስንወጣ የአስፋልቱን ጩኸት ሰምታ ደነገጠች። የጃጀች እናታችን ለአራት ወር ያህል ያልሰማች እናታችን ነበረች።

«ታዲያ ለምን እሺ ትይኛለሽ? አልሰማሁም አትይም ነበር?» አልኳት።

«እሺ ካልኩ ትተዉኛላችሁ ብዬ ነው» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ ምን እንደሚል ከአንድ የማውቃቸው ጠበቃ ጋር ተቀምጬ ጠይቄያለሁ። ብዙ ቤተሰብ የማያውቀው ስለሆነ ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንድን ሰው ያረጀ ስለሆነ ብቻ በንብረቱ ማዘዝ አይችልም አይልም። ይህን ሊል የሚችለው ፍርድ ቤት ነው፤ ልጅ አይደለም፣ ነርስም አይደለችም። ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው፣ ይህም በአንቀጽ 2204 ላይ አለ። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ወይም በስጦታ ለመስጠት ግን ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፣ አንቀጽ 2205። ውክልና የሰጡ እናት ወይም አባት ደግሞ በፈለጉ ጊዜ ሊሽሩት ይችላሉ። አንዴ ፈርሜያለሁ፣ አለቀልኝ ብለው የተቀመጡ አረጋውያን ስላሉ ነው ይህን አጥብቄ የምናገረው። በሕክምናም እንዲሁ ነው፤ የዚያው ሕግ አንቀጽ 20 ሰው ምርመራንም ሆነ ሕክምናን እምቢ የማለት መብት እንዳለው ይናገራል። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ልጅ የተቸገረ ወላጁን እንዲቀልብ ያስገድዳል። የቀለበ ያዝዛል የሚል አንቀጽ ግን ጠበቃውም አላገኙልኝም።

የተባበሩት መንግሥታት በ1991 እ.ኤ.አ. ስለ አረጋውያን ባጸደቃቸው መርሆዎች ላይ ከተዘረዘሩት ርእሶች እንክብካቤ አንዱ ነው። ከእሱ ቀድሞ ግን ራስን ችሎ መኖር ተቀምጧል፣ መጨረሻው ላይ ክብር አለ። እኔ መካከል ያለውን ብቻ ይዤ ነበር።

በሥራዬ ዘመን ስንቱን እንዲህ እንዳደረግኩ አሁን ሳስበው ያመኛል። አልጋው አጠገብ እቆምና ቀና ብዬ አስታማሚውን «ምን ያማቸዋል? ሽንት ይወጣላቸዋል? በሉ?» እላለሁ። ታማሚው እዚያው ተኝቶ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ልጆች ሆይ፣ ወላጃችሁን ሐኪም ቤት ስትወስዱ ሐኪሙ እናንተን ከጠየቀ «እሳቸውን ይጠይቋቸው፣ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ» በሉ። አረጋውያንም፣ ለብቻችሁ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ከፈለጋችሁ ልጃችሁን ውጭ ጠብቅ ማለት ነውር አይደለም።

እውነተኛ መርሳት የለም እያልኩ አይደለም። አለ፣ ቤተሰብንም ይፈትናል። ነገር ግን የመርሳት በሽታ ቀስ እያለ፣ በወራትና በዓመታት ነው የሚመጣው። ትናንት ደኅና የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ከተዘባረቁ፣ ቀንና ሌሊቱ ከጠፋባቸው፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የውኃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ ወይም አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ። ቀስ ብሎ የመጣም ቢሆን አስቀድሞ ጆሮም ዓይንም ይታይ። መርሳት የጀመረ ሰው ደግሞ ቤቱን ስለመሸጥ መወሰን ቢያቅተው፣ ዛሬ ምን እንደሚለብስና ማን ገላውን እንዲያጥበው እንደሚፈልግ መናገር ሊችል ይችላል። የሚችለውን ያህል ይጠየቅ።

እናቴ መስማት እንደጀመረች ያለችው «አገሬ ልሂድ» ነው። እኔ አልፈለግኩም። ደረጃው፣ ውርጩ፣ ብቸኝነቷ፣ ሁሉም ታየኝ። አንድ ሳምንት ያህል ተከራከርን፤ በመጨረሻ ደረጃው ይስተካከል፣ የዘመድ ልጅ አብራት ትኑር፣ ስልክ ይዛ ትተኛ ብዬ ለመንኩ። ሁለቱን እሺ አለች። ስልኩን «ሌሊት ማን ሊደውልልኝ ነው?» ብላ አልተቀበለችም፤ ትራሷ ሥር ሳይሆን ሣጥኗ ላይ ሆኖ ነው የኖረው። የሰፈር በያጅ ከበሩ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ የቧንቧ ብረት መያዣ ሠራላት። ቁልፏን ራሷ መቀነቷ ላይ አሰረችው። ወንድሜ አኩርፎ ለወራት አላናገረኝም።

ሦስት ዓመት ኖረች። አንድ ጊዜ ደግማ ወድቃለች፣ አልተሰበረችም። በሦስተኛው ክረምት የሳንባ ምች ያዛት፤ ልጅቷ «አትደውዪ፣ ጉንፋን ነው» ተብላ ሁለት ቀን ዘገየች። እኔ 130 ኪሎ ሜትሩን አቋርጬ ስደርስ ሆስፒታል ገብታ ነበር፣ በአምስተኛው ቀን አረፈች። አጠገቤ ብትሆን በመጀመሪያው ቀን ትንፋሿን አይቼ አውቀው ነበር። ይህን እስከ ዛሬ አስባለሁ። ቀብሯ ላይ አንዲት ጎረቤቷ «በቤቷ፣ በወጓ ኖረች» አለችኝ። ይህንንም አስባለሁ። ሁለቱን አስታርቄ አልጨረስኩም።

ለዚያ አባወራ ደወልኩለት። እንዳትወስድባቸው አልኩት። ሥጋትህ መንገዱ ከሆነ መንገዱን አቅልልላቸው፤ ታክሲውን አንተ ጥራ፣ አብረሃቸው ሂድ፣ ሰው ሳይበዛ በጠዋቱ ውሰዳቸው። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ግን አንተ ወንበር ላይ ቁጭ በል። ብሩን ራሳቸው ይቁጠሩት። የካርድ ሚስጥር ቁጥር ቢኖራቸው እንኳ እንዲነግሩህ አትጠይቅ። «ብር ቢጠፋባቸውስ?» አለኝ። «አንተ ጠፍቶብህ አያውቅም?» አልኩት። ዝም አለ።

ባለፈው ማክሰኞ መልሶ ደወለ። ሄደዋል። አባቱ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ ደብተራቸውን ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተው፣ ከባንኩ አጠገብ ካለ ካፌ አስገብተው ማኪያቶ ጋብዘውታል። «ልክፈል ስላቸው ተቆጡኝ» እያለ ይስቃል።