«ከልጆቹ ጋር አብሮ ያድጋል» ተብሎ የሚሸጥ ፈረስ

ከተክለ ሃይማኖት ብዙም ሳይርቅ የደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ። የሰፈሩ ሰው አሳጥሮ «ባልቻ» ይለዋል። ሲያሳጥር የሚቆርጠው «አባ ነፍሶ» ግን የፈረስ ስም ነው። ነፍሶ የባልቻ ፈረስ ነበር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ የተባሉት በዚያው ወግ ነው። ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራበት አገር ነበር፤ በፈረሱ ስም የሚጠራ ሰው ደግሞ ፈረሱን ሳያውቅ አይገዛም።

ዛሬ በዚያው ሰፈር ሱቅ ያለው፣ የስምንትና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ያሉት አንድ አባወራ እንበል። ልጆቹን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ፓርክ ይወስዳቸዋል። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ፈረስ ግልቢያ ለብዙ የአዲስ አበባ ልጆች የቅዳሜ ጨዋታ ሆኗል። ልጅ አንዴ ፈረስ ላይ ከወጣ «ግዛልኝ» ማለቱ አይቀርም። አባትየው ለአንድ ወዳጁ ያነሳዋል፣ ወዳጁ ደላላ ያገናኘዋል፣ ከደላላው የስልክ ቪዲዮ ይመጣል። ዳማ መልክ፣ ቀጭን አፍንጫ፣ ትልልቅ ዓይን፣ ቀና ያለ ጭራ። ሁለት ዓመቱ ነው። «የአረብ ዘር ነው፤ ከልጆቹ ጋር አብሮ ያድጋል» የሚል ድምፅ ይከተላል።

በዚህ ገበያ ውስጥ ከሚነገሩት ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አደገኛው ይሄኛው ነው። አደገኛ የሚያደርገውም ጣፋጭነቱ ነው።

ሁለት ዓመት የሞላው ፈረስ ገና አጥንቱ አልጠናም። የጀርባው አጥንት ማደጉን የሚጨርሰው አምስትና ስድስት ዓመት አካባቢ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ዓመታት ቁም ነገር ያለው ግልቢያ አይታሰብም፤ መግራት ብቻ ነው። የሚገራው ማነው? አባትየው ፈረስ ገርቶ አያውቅም፣ ልጆቹ ደግሞ ገና መቀመጥ እየተማሩ ነው። የማያውቅ ጋላቢ ያልተገራ ፈረስ ላይ ሲወጣ ሁለቱም እርስ በርስ የሚማማሩት ፍርሃት ነው። ልጁ ሲደነግጥ ልጓም ይጎትታል፤ ፈረሱ ሲጎተት ይደነብራል። ደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮላት እንደሚባለው ነው። አብረው ማደጋቸው እውነት ነው፤ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንደኛው ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል፣ ሌላው 40 ኪሎ ላይ ነው።

ይህ የአረብን ፈረስ መንቀፍ አይደለም። ዘሩ የተከበረው በምክንያት ነው። በበረሃ ከድንኳን አጠገብ፣ ከሰው ጋር ተቀራርቦ የኖረ ፈረስ ነው፤ ረጅም መንገድ በመቻል የሚወዳደረው የለም፤ ዛሬም በዓለም ላይ 160 ኪሎ ሜትር የሚሸፍኑት የጽናት ውድድሮች በአብዛኛው የእሱ ናቸው። ጠንቃቃና ፈጣን አእምሮ አለው። ያው ጠባይ ግን ባልሠለጠነ እጅ ላይ ዕዳ ይሆናል። ትንሽ ስህተትን ቶሎ ይማራል፣ አይረሳምም። አዋቂ የገራው የአሥር ዓመት የአረብ ፈረስ ለልጅ የዋህ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ዘሩ ላይ ሳይሆን «ሁለት ዓመቱ ነው» የሚለው ላይ ነው።

ለመሆኑ የአረብ ዘር መሆኑ በምን ይታወቃል? በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች ይባላል። የፈረስ ገበያም እንደዚሁ አጎት መጥራት ይወዳል። ንጹሕ የአረብ ፈረስ እናትና አባቱ በዘር መዝገብ የሠፈሩ፣ ወላጅነቱ በዘረ መል ምርመራ የተረጋገጠ፣ መለያ ቁጥር ያለው ነው። ይህ ወረቀት ከሌለ ፈረሱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ለአረብነቱ የሚጨመረው ገንዘብ ግን ለወሬ የተከፈለ ነው። ወረቀት ካለም ሌላ ጥያቄ ይከተላል። በአረብ ዘር ውስጥ የሚወረሱ ከባድ በሽታዎች አሉ፤ አንዱ የሰውነትን የበሽታ መከላከያ የሚያሳጣ፣ አንዱ የእንቅስቃሴ ሚዛንን የሚያዛባ ነው። ለሁለቱም የዘረ መል ምርመራ አለ። በወረቀት የሚኩራራ ሻጭ ይህንንም ወረቀት ማሳየት አለበት።

ዕድሜን ማጣራት ቀላሉ ነው። የፊት ጥርሶች በየተራ ይቀየራሉ፤ መካከለኞቹ ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ፣ ቀጥለው ያሉት ሦስት ተኩል፣ የዳርና የዳር ያሉት አራት ተኩል አካባቢ። አምስት ዓመት ሲሞላው አፉ ሙሉ ነው ይባላል። የገጠር ሰው ይህንን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ከተሜው አባወራ ግን የፈረሱን ከንፈር ገልጦ ለማየት ስለሚፈራ ደላላው የነገረውን ዕድሜ ይዞ ይገባል።

አፉ ከተከፈተ አይቀር ምላሱና የከንፈሩ ጥግ ጠባሳ እንዳለበት ይታይ። ባህላዊው ልጓም ብዙ ጊዜ የታችኛውን መንጋጋ የሚዞር ቀለበት አለው፤ በጦር ሜዳ ፈረስን በአንድ እጅ ለማቆም የተበጀ፣ ኃይለኛ ነው። በዚህ ልጓም በግድ እየተጎተተ የኖረ ፈረስ ገመድ ሲነካ ራሱን ወደ ላይ ይወረውራል፣ አንዳንዱም በኋላ እግሩ ይቆማል። ልጅ ደግሞ ሲፈራ የሚያደርገው አንድ ነገር ገመድ መጎተት ነው። እርካቡም እንዲሁ ይታይ። አውራ ጣት ብቻ የምታስገባው የጥንቱ እርካብ በባዶ እግር ለሚጋልብ ሰው የተሠራ ነው። ስኒከር ያደረገ ልጅ እግሩን በግድ ካስገባ ሲወድቅ እግሩ እዚያው ተይዞ ይጎተታል። ፈረሱ ጥሩ ሆኖ በእርካብ ምክንያት ልጅ ሊሞት ይችላል፤ ይህን ሻጭ አይናገርም፣ ገዢም አይጠይቅም።

ቆዳው ብዙ ይናገራል። በጫንቃው፣ በጀርባውና በደረቱ ላይ ነጭ ፀጉር የበቀለበት ቦታ ካለ የድሮ ቁስል ነው፤ ኮርቻ ወይም የጋሪ ቀንበር የላጠው። በየከተማው ባጃጅ ጋሪን እያስወጣ ሲመጣ ሥራ የፈታ የጋሪ ፈረስ መጥቷል፤ ታጥቦና ተበጥሮ የግልቢያ ፈረስ ሆኖ መሸጡ የሚጠበቅ ነው። የጋሪ ፈረስ መሆኑ ነውር አይደለም። እንዲያውም መኪና የለመደ ስለሆነ ከብዙዎች ይሻላል። ነውሩ መደበቁ ነው። ሌላው መታየት ያለበት በእግሩ፣ በአንገቱና በደረቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚወጣ እብጠት ነው። በወይና ደጋ ከተሞች የጋሪ ፈረሶችን የሚያሰቃይ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍና ለማዳን አስቸጋሪ የሆነ በሽታ ምልክት ነው። ሲፈነዳ መግል ይወጣዋል። ሻጭ «ዝንብ ነክሶት ነው» ሊል ይችላል።

እግሩን ለማየት ፈረሱን ጠንካራ መሬት ላይ፣ ሳይጋለብ፣ ገመዱን ላላ አድርጎ በሶምሶማ ማስሮጥ ነው። የፊት እግሩን የሚያመው ፈረስ የታመመው እግር መሬት ሲረግጥ ራሱን ቀና ያደርጋል። ቆሞ ሲተነፍስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ፣ ልቡ ከ28 እስከ 44 ምት ቢሆን ደህና ነው። ከዚህ በላይ ያለውን የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ ሐኪሙም የገዢው እንጂ የሻጩ ወዳጅ መሆን የለበትም።

ጠባይ ግን በአንድ ቀን አይታይም። ቢያንስ ሦስት ጊዜ መሄድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ሳይነገር፣ በጠዋት። ገዢ ሲደርስ ፈረሱ ተጭኖ፣ ላብ ብሎት ከጠበቀ ሲደክም እንዲረጋጋ ተብሎ ሲሮጥ አርፍዶ ይሆናል። ማደንዘዣ የተሰጠው ፈረስም ከበግ የባሰ የዋህ ነው፤ ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ፈረስ ይሆናል። ስለዚህ ከበረት ሲወጣ፣ ሲያዝ፣ ሲጫን፣ እግሩ ሲነሳ ማየት ይገባል። መጀመሪያ ሻጩ ራሱ ይጋልበው። ሻጩ ያልወጣበት ፈረስ ላይ የሌላ ሰው ልጅ አይወጣም። ከዚያ ጃንጥላ ይዘርጉ፣ ላስቲክ ያንኮሻኩሹ፣ ውሻ ይለፍ፣ ሞተር ሳይክል ይነሳ። መደንገጡ አያስነቅፈውም፤ ከደነገጠ በኋላ ምን ያደርጋል የሚለው ነው ጥያቄው። ቆሞ የሚያይ ፈረስ ለቤተሰብ ይሆናል። ዞሮ የሚሸሽ ለቤተሰብ አይሆንም። ድንጉላም ለልጅ አይሆንም፤ ባዝራ የሸተተው ዕለት ጋላቢውን ይረሳል። የተኮላሸ ሰንጋ ወይም የረጋች ባዝራ ትሻላለች።

ከውጭ የገባ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ። በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት የሚተላለፈው የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በኢትዮጵያ ሥር የሰደደ ነው። በሽታውን የማያውቅ አካል ይዞ የመጣ ፈረስ ላይ ሲያርፍ በከባዱ መልኩ ከአሥሩ ዘጠኙን ሊገድል ይችላል። ክትባቱ ቢሾፍቱ ይመረታል። የክትባት ካርድ የሌለውን፣ ከዓረብ ባሕረ ሰላጤ ትናንት የመጣ «ውድ» ፈረስ መግዛት ገንዘብን ለነፍሳት መቀለብ ነው።

ስለ ክብደትም ሐቁ ይነገር፤ እዚህ ላይ የአገር ውስጥ ፈረስ ደጋፊዎችም ያድበሰብሳሉ። ፈረስ ከነኮርቻው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ በላይ ባይሸከም ጥሩ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን አባት ከ10 ኪሎ ኮርቻ ጋር 90 ይሆናል፤ 450 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ይፈልጋል ማለት ነው። አብዛኛው የአረብ ፈረስ እንኳን ከ360 እስከ 450 ነው። 250 ኪሎ የሆነ ያገር ፈረስ ደግሞ የሚችለው 50 ኪሎ ነው፤ ለሁለቱ ልጆች ይበቃል፣ ለአባትየው አይበቃም። አባትየው ገመድ ይዞ ጎን ጎን ይራመድ። ለጤናውም ጥሩ ነው።

ደግሞስ የት ሊታሠር ነው? ተክለ ሃይማኖት ለመኪና ማቆሚያ የሚጣላ ሰፈር ነው። የኮሪደር ልማቱ ለብስክሌት መንገድ አበጅቷል፤ ለፈረስ አላሰበም። ጃን ሜዳ የከተማዋ የፈረስ ሜዳ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ አትክልት ተራ የተዛወረው ወደዚያ ነው፤ ሽንኩርቱን ለማስወጣትም ወራት ፈጅቷል። ስለዚህ ፈረሱ ሱሉልታ ወይም ሰበታ፣ ሰው ዘንድ ይቀመጣል። 400 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ወደ 8 ኪሎ ድርቆሽ ይበላል፤ በዓመት ሦስት ቶን ገደማ ነው። በየስድስት እስከ ስምንት ሳምንቱ ሰኮናው ይስተካከላል። ከ25 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። የስምንት ዓመቱ ልጅ አግብቶ ሲወልድ ፈረሱ ገና በሕይወት አለ። የመግዣው ዋጋ ከዚህ ሁሉ ትንሹ ወጪ ነው፤ የሚከራከሩበት ግን በእሱ ብቻ ነው።

አሳዛኙ ነገር ዕውቀቱ በአገሩ መኖሩ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ ሁለት ሚሊዮን ፈረስ አለ። የሰላሌ ፈረስ ለግልቢያ ስሙ የታወቀ ነው፣ ከአዲስ አበባም የግማሽ ቀን መንገድ አይሞላም። በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ ፈረስን አይተው የሚፈርዱ ሽማግሌዎች በብዛት ይገኛሉ። ከተማዋም የካቲት 23 ፈረሰኛ ሲያልፍ ታጨበጭባለች። ጭብጨባው ግን ወደ ደንብ አልተለወጠም። ቄራ የሚገባን በሬ ሐኪም ሳያየው ሥጋው አይሸጥም። ልጅ የሚቀመጥበትን ፈረስ ግን ማንም ሳያየው ይሸጣል፣ ይከራያልም። የጤና ካርድና የሐኪም ማረጋገጫ የሌለው ፈረስ ለሕዝብ እንዳይከራይ ማድረግ ትልቅ በጀት አይጠይቅም፤ የክፍለ ከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትና ሁለት ሐኪም ይበቃዋል።

እስከዚያው ድረስ አባወራው የሚችለው ይህ ነው። ለሁለት ዓመቱ ውርንጭላ የተመደበው ገንዘብ ግማሹ ለልጆቹና ለራሱ የሦስት ወር የግልቢያ ትምህርት ይሁን። ከዚያ ከስምንት እስከ አሥራ አምስት ዓመት የሆነው፣ ሌሎች ልጆች ሲጋልቡት የኖሩ ፈረስ ይፈልግ። ሲያገኝ ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቀው፤ የራሱን ሐኪም አምጥቶ እንዲያስመረምር፣ ፈረሱንም ሁለት ሳምንት ወስዶ እንዲሞክር፣ ይህም በጽሑፍ እንዲሆን። ሻጩ «ሌላ ገዢ ቆሟል» ካለ ለሌላው ገዢ ይሽጥ። ልጆቹ ቅዳሜ እንጦጦ ወጥተው በኪራይ ፈረስ ይጋልባሉ።