መተማመን የሚጠየቀው ከማን ነው?

በግሉ ዲዛይን የሚሠራ፣ ፎቶና ቪዲዮ የሚያነሳ ወይም ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰው «ውል እንፈራረም» ሲል የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «እኛ እኮ እንተዋወቃለን፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» ውል ማቅረብ እንደ ጥርጣሬ፣ ከዚያም አልፎ እንደ ስድብ ይቆጠራል። ባለሙያው ደንበኛውን ላለማስቀየም ሲል ወረቀቱን ይተወዋል። ይህን ልማድ ጨዋነት ብለን ተቀብለነዋል። እኔ ግን ግፍ ነው እላለሁ፤ አደጋውን በሙሉ አቅም ባነሰው ወገን ላይ የሚጭን ግፍ።

በዚህ «መተማመን» ውስጥ ማን ማንን እንደሚያምን እንይ። ባለሙያው ቀድሞ ይሠራል፤ ናሙና ይልካል፤ እርማት ይቀበላል፤ ያለቀውን ፋይል በቴሌግራም ያስረክባል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ገንዘቡም ሥራውም ያለው በደንበኛው እጅ ነው። «ቀለሙን ትንሽ ቀይርልኝ» ተብሎ የተጀመረው እርማት ሌላ ሥራ ይወጣዋል። ያዘዘው ሰው ድርጅቱን ይለቅና ተተኪው «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ይላል። «ሥራ አስኪያጁ አልፈረሙም» ሲባል ወራት ይነጉዳሉ። እመን የተባለው አንደኛው ወገን ብቻ ነበር። ያው ደንበኛ ሱቅ ሲከራይ ውል ይፈርማል፤ ከባንክ ሲበደር መያዣ ያቀርባል፤ ገንዘብ ያዥ ሲቀጥር ተያዥ ያስጠራል። ወረቀት የሚያስቀይመው ለፈጠራ ሥራ ሲከፍል ብቻ ነው።

«ባህላችን አይደለም» የሚሉ አሉ። ይህን መከራከሪያ ለመቀበል ይቸግረኛል፤ ምክንያቱም ባህላችን የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። በጎንደር ዘመን የመሬት ስጦታና ሽያጭ በወንጌልና በሌሎች የብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾች ላይ ከነምስክሮቹ ስም ይመዘገብ ነበር። እቁብ የሚጥሉት ሰዎች ጎረቤትና ወዳጅ ናቸው፤ ያም ሆኖ ዳኛና ጸሐፊ ይመረጣል፣ ዕጣ የወጣለትም ዋስ ይጠራል። እድርም የአባላት መዝገብና መተዳደሪያ ደንብ አለው። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ዋስና ጽሑፍ የወዳጅነት ጠላት ሆነው አያውቁም፤ ወዳጅነቱ በገንዘብ ምክንያት እንዳይፈርስ የቆሙ ጠባቂዎች ናቸው። ቀብድም ቢሆን ከገበያው ልማድ አልፎ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ቦታ አለው፤ ውሉን ያፈረሰው ቀብድ ሰጪው ከሆነ የሰጠውን ያጣል፣ ተቀባዩ ከሆነ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ፣ ያለ ጽሑፍ የሚሠሩ ወጣቶች ዝምታቸው ምን እንደሚያስከፍላቸው አለማወቃቸው ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደሚለው፣ በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል ታዞ የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ባለመብቱ አሠሪው ወይም ያዘዘው ነው። ስለዚህ ለአንድ ፖስተር ብለህ የሣልከው ሥዕል ነገ በቲሸርት፣ ከነገ ወዲያ በማሸጊያ ላይ ታትሞ ብታየው፣ «ለአንድ ጊዜ ብቻ ነበር» የሚል ስምምነት በእጅህ ከሌለ ክርክሩን የምትጀምረው ከተሸናፊው ጎን ቆመህ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በራሱ የሙያ ኃላፊነት እየተከፈለው የሚሠራን ሰው አይሸፍንም። ለግል ባለሙያ የቀረው ዋና ጋሻ ውሉ ነው፤ እሱን ነው በይሉኝታ የሚጥለው።

«ቢኖርስ ምን ይጠቅማል? ፍርድ ቤት ዓመታት ይፈጃል» የሚለው ተቃውሞ ከሌሎቹ ይበልጥ ክብደት አለው። እውነት ነው፤ ለትንሽ ክፍያ ችሎት የሚመላለስ ጥቂት ነው። ነገር ግን የውል ትልቁ ጥቅም ከክርክር በፊት ነው። ስንት ጊዜ እርማት ይደረጋል? ሥራውን የሚያጸድቀው ማን ነው? ግማሹ መቼ፣ ቀሪውስ መቼ ይከፈላል? ሥራው ቢሰረዝስ? እነዚህን ለመጻፍ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አብዛኛውን ጠብ ገና ሳይወለድ ይጨርሱታል። ነገሩ ወደ ሽምግልና ቢሄድ እንኳ ሽማግሌ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ተባብላችሁ ነበር?» ብሎ ነው፤ ለዚህ ጥያቄ በሁለቱም ፊርማ የታሰረ መልስ ያለው ሰው አንገቱን አይደፋም።

ውል ሲባል ደግሞ ከኢንተርኔት የተገለበጠ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ የካሊፎርኒያን ሕግ የሚጠቅስ አሥር ገጽ ማለት አይደለም። ሁለቱም ወገኖች ያልገባቸውን ወረቀት መፈረም ካለመፈረም አይሻልም። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ፣ የሁለቱ ፊርማና ሁለት ምስክሮች ለአብዛኛው ሥራ ይበቃሉ። ሕጉ ለአብዛኛው ውል የተለየ ፎርም አያዝም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መልእክትን ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ አይነፍገውምና፣ ፊርማ ባይገኝ እንኳ ስምምነቱን በመልእክት ጽፎ «ተስማምቻለሁ» የሚል መልስ መቀበል ከቃል እጅግ ይሻላል። የመዘግየት መቀጫም ይጻፍ፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያስቀመጠው የዓመት 9 በመቶ ወለድ ባለፉት ዓመታት ካየነው የዋጋ ንረት ጋር ሲተያይ ከፋዩን አያስቸኩልም።

ጀማሪው ይህን ለብቻው እንዲታገል መተው ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ውል ከጠየቀ ሥራው ለሌላ ይሰጥበታል፤ ቤት ኪራዩም አይጠብቀውም። ስም ያላችሁ ዲዛይነሮች፣ ፎቶግራፈሮችና ጸሐፊዎች፣ ደንበኛ በቀላሉ የማይተካችሁ እናንተ፣ ቅድሚያውን ውሰዱ። ለምታውቁት ሰውም ቢሆን ያለ ጽሑፍ ሥራ አትጀምሩ፤ የምትጠቀሙበትንም የውል ቅጽ ለጀማሪዎቹ ስጧቸው።