ለበግ የተከራከረ ለመኪና ለምን ዝም ይላል?

በዓል ሲቃረብ ወደ በግ ተራ የወረደ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር አለ። ደመወዝተኛውም፣ ተማሪውም፣ ነጋዴውም የበጉን ላት ይመዝናል፤ ጀርባውን ይዳስሳል፤ ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ከዚያም ስለ ጥቂት መቶ ብር ግማሽ ቀን ቆሞ ይከራከራል። ባለበጉም አይቀየምም፤ እንዲያውም ያለ ክርክር የሚከፍለውን ገዢ በጥርጣሬ ዐይን ይመለከተዋል። ዳሩ ግን ይኸው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ከባንክም ተበድሮ፣ አባቶቻችን ካሚዮን ይሉት የነበረውን አዲስ የጭነት መኪና ለመግዛት ወደ ባለመስተዋቱ መሸጫ ቤት በገባ ጊዜ አንደበቱ ይታሰራል። በሚሊዮን የሚቈጠር ዋጋ ሲነገረው «እሺ» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ለበግ የተከራከረ ሰው ለመኪና ዝም የሚልበት ምክንያት ምን ይሆን?

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ከራሴ ልጀምር። አጎቴ ከደጀን ጤፍ እየገዙ ወደ አዲስ አበባ የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው። ዕድሜአቸውን በሙሉ በሰው መኪና በኪራይ ሲያስጭኑ ኖረው፣ ከሁለት ባልንጀሮቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን መኪና ለመግዛት በቈረጡ ጊዜ «አንተ የተማርህ ነህና ወረቀቱን ታነብልኛለህ» ብለው አስከተሉኝ። በመሸጫው ቤት ከረባት ያሰረ ትሑት ወጣት ተቀበለን፤ ወንበር ሰጠን፤ ዋጋውንም ነገረን። እኔ እንደ ዐዋቂ ራሴን ነቀነቅሁ። አጎቴ ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው፦

«ልጄ፣ ይህ ዋጋ ከምን ከምን ተጠራቅሞ ነው እዚህ የደረሰ?» አሉት።

እውነቱን ለመናገር አፈርሁ። በጠረጴዛው ሥር እግራቸውን ነካ አደረግሁ። ወጣቱም ፈገግ ብሎ «አባቴ፣ የካምፓኒው ዋጋ ነው፤ አይወርድም» አላቸው።

«አውርድልኝ አላልሁም፤ ንገረኝ ነው ያልሁ። እኔ ጤፍ ስሸጥ የገበሬውን ዋጋ፣ የጆንያውን፣ የጫኝና የአውራጁን፣ የመኪናውንም ኪራይ ለይቼ ዐውቃለሁ። የአንተም ዕቃ እንዲሁ ይኖረዋል።»

ወጣቱ ዝርዝሩን አምጥቶ ማስረዳት በጀመረ ጊዜ ሦስት ነገር ተገለጠ። የተነገረን ዋጋ ታክስን አይጨምርም ነበር። ደግሞም ዋጋው የጋቢናውና የሻንሲው ብቻ ስለ ሆነ የጭነቱ ሳጥን ለብቻው በሌላ ጋራዥ የሚሠራ ነው። ሦስተኛም፣ መኪናው የሚሰጠን «በቅርቡ» ይባል እንጂ ቀን የተቈረጠለት አልነበረም። እኔ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬን ይዤ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አልጠየቅሁም።

እንግዲህ ዝምታችን ከምን የመጣ ነው ቢባል፣ በበኩሌ ከኀፍረት ነው እላለሁ። ክርክር የገበያ ሰው ጠባይ፣ የተቈረጠ ዋጋ ደግሞ የሥልጣኔ ምልክት ነው ብለን ተቀብለናል። የተቈረጠ ዋጋ መልካም መሆኑን አልክድም፤ መልካም የሚሆነው ግን በግልጥ የተጻፈ እንደ ሆነ ነው። በአሜሪካ አገር እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ የመኪና ሻጮች ለአንዱ ገዢ አንድ ዋጋ፣ ለሌላው ሌላ ዋጋ እየተናገሩ ሕዝቡን ስላስመረሩ፣ በዚያ ዓመት ሴናተር ሞንሮኒ ያቀረቡት ሕግ ጸድቆ፣ በአዲስ የቤት መኪና መስተዋት ላይ ፋብሪካው የተመነው ዋጋ፣ የተጨማሪ ዕቃዎቹ ዋጋና የማጓጓዣው ሒሳብ ተዘርዝሮ እንዲለጠፍ ተደረገ። የሚያስገርመው ግን አሜሪካዊው ገዢ ያን ወረቀት ካነበበ በኋላ እስከ ዛሬ ድረስ ይከራከራል። ወረቀቱ የክርክሩ መነሻ እንጂ መጨረሻው አይደለምና።

በእኛም አገር ቢሆን ሕግ አልጠፋም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 813 ነጋዴው የዕቃውን ዋጋ በግልጥ እንዲያሳይ ያዝዛል፤ ሸማቹም ዕቃ መርጦ ስላየ ወይም በዋጋ ስለ ተከራከረ ብቻ ለመግዛት እንደማይገደድ ደንግጓል። እንግዲህ ዋጋ መጠየቅ ሕግ ያወቀው መብት ከሆነ የእኛ ማፈር ስለ ምንድር ነው?

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። መኪና ለመግዛት የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ሊያውቃቸው የሚገቡ ነገሮች ብዙ አይደሉም፤ ግን እያንዳንዳቸው ብዙ ገንዘብ ያስከትላሉ።

የመጀመሪያው ታክስ ነው። ለምሳሌ አንድ መኪና 4 ሚሊዮን ብር ነው ቢባልና ዋጋው ተጨማሪ እሴት ታክስን የማይጨምር ቢሆን፣ 15 ከመቶው 600 ሺህ ብር ነው። ሁለት መሸጫ ቤት ጠይቆ አንዱ 4 ሚሊዮን፣ ሌላው 4 ሚሊዮን ከ400 ሺህ ቢለው፣ ገዢው ርካሹ የመጀመሪያው ነው ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን ሁለተኛው ታክሱን ጨምሮ የተናገረ እንደ ሆነ ርካሹ እርሱ ነው። እንዲሁም መኪናው ቀረጡ ተከፍሎበት የገባ መሆኑን፣ የታርጋና የሊብሬው ወጪ በማን ላይ እንደሚያርፍ፣ ትርፍ ጎማውና ክሪኩ አብሮ እንደሚሰጥ ወይም እንደማይሰጥ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ብድር ነው። ብዙዎቻችን የመኪናውን ዋጋ ስንከራከር ውለን የብድሩን ሒሳብ ሳናይ እንፈርማለን። 2 ሚሊዮን ብር በ15 ከመቶ ወለድ ለ3 ዓመት የተበደረ ሰው፣ ወለዱ እስከ መጨረሻ በመጀመሪያው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ 900 ሺህ ብር ወለድ ይከፍላል። ነገር ግን በየወሩ እኩል እየከፈለ ወለዱ በቀረው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ከሆነ 496 ሺህ ብር ያህል ብቻ ይከፍላል። በሁለቱም ወረቀት ላይ የተጻፈው 15 ከመቶ ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን ከ400 ሺህ ብር ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ሒሳብ መሥራት የተማረ ሰው ድርሻ ነው፤ አጎቴም ያስከተሉኝ ለዚህ ነበር።

ሦስተኛው ቀብድ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቍጥር 1883 እስከ 1885 ስለ ቀብድ ሲናገር፣ ቀብድ መሰጠቱ ውሉ ለመደረጉ ማስረጃ መሆኑን፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ቀብድ የሰጠው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን እንደሚያጣ፣ የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ ዕጥፍ አድርጎ እንደሚመልስ ይደነግጋል። ስለዚህ ሻጩ ገንዘብ ከተቀበለ በኋላ «ዶላር ጨምሯልና ዋጋው ተለውጧል» ቢል ገዢው ባዶ እጁን አይደለም። ይህ የሚጠቅመው ግን በወረቀቱ ላይ «ቀብድ» ተብሎ የተጻፈ፣ ዋጋውና የርክክቡ ቀንም የሰፈረበት እንደ ሆነ ነው። የዋጋው ከፊል ክፍያ ተብሎ አስቀድሞ የተሰጠ ገንዘብ ከቀብድ ጋር አንድ አይደለምና በቃሉ ላይ መጠንቀቅ ያሻል።

አሁን ደግሞ የሻጩንም ወገን ሳልናገር ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያን ጊዜ በድሮው ዋጋ መኪና የሸጠ አስመጪ በገንዘቡ ሌላ መኪና ማስመጣት አልቻለም። ስለዚህ ተገቢ ዋጋ ማለት ዝቅተኛው ዋጋ ማለት አይደለም። ሻጩ ሠራተኛውን የሚቀጥርበት፣ መለዋወጫ የሚያከማችበት፣ ነገም በሩን ከፍቶ የሚያገኙት ትርፍ ሊኖረው ይገባል። ነገ መለዋወጫ የማይገኝለትን መኪና በርካሽ የገዛ ሰው አተረፈ አይባልም። የእኔ ክርክር በትርፉ ላይ ሳይሆን በመደበቁ ላይ ነው።

ከመደበቅም ሁሉ የከፋው «ደረሰኙን ዝቅ አድርገን እንጻፍልዎ» የሚለው ምክር ነው። ይህን የሚቀበል ገዢ መንግሥትን ያታለለ ይመስለዋል፤ የተታለለው ግን ራሱ ነው። መኪናው ነገ ጉድለት ቢገኝበትና ገንዘቡን ለማስመለስ ወደ ዳኛ ቢሄድ፣ በእጁ ያለው ማስረጃ የሚናገረው ዝቅ ተደርጎ የተጻፈውን ዋጋ ነው። ሙሉ ደረሰኝ መጠየቅ ሕግ ማክበር ብቻ ሳይሆን የራስንም ገንዘብ መጠበቅ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ በተለይ የማስበው በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ የተቀጠሩትን ወንድሞቼንና እኅቶቼን ነው። ብዙዎቻችሁ ለራሳችሁ የጭነት መኪና ሳትገዙ፣ ለመሥሪያ ቤታችሁ ግዢ ኮሚቴ ውስጥ ትቀመጡ ይሆናል። ሦስት ፕሮፎርማ ይቀርብላችኋል። ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ ተሰብስበው የመጡ፣ ሁለቱ ለይምሰል የተጻፉ እንደ ሆነ የምታውቁት ራሳችሁ ወጥታችሁ የጠየቃችሁ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በራሱ ገንዘብ የሚያፍር ሰው የሚጐዳው ራሱን ነው፤ በሕዝብ ገንዘብ የሚያፍር ግን ጕዳቱ መንገድ ለምትጠብቅ ቀበሌና መድኃኒት ለሚጠብቅ ጤና ጣቢያ ይተርፋል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ዋጋ መከራከር ንፍገት ሳይሆን ግዴታ ነው።

የአጎቴን ነገር ልጨርስ። በዚያን ቀን አልገዙም። ሁለት ሌሎች መሸጫ ቤቶች አዳረሱኝ፤ በሦስተኛው ቀን የሦስቱን ፕሮፎርማ ይዘው ወደዚያው ወደ መጀመሪያው ወጣት ተመለሱ። እርሱም በአክብሮት ተቀበላቸው። ዋጋው የወረደው ጥቂት ነው። ነገር ግን ትርፍ ጎማው ተጨመረ፤ የመጀመሪያው ሰርቪስ በነፃ ሆነ፤ የርክክቡ ቀን በውሉ ላይ ተጻፈ፤ ቀብዱም በስሙ ተጠራ። በዚህ ጊዜ ወረቀቱን ቃል በቃል ያነበብሁላቸው እኔ ነበርሁ፤ እግራቸውንም አልነካሁም።

መኪናው ዛሬ ከደጀን ጤፍ ጭኖ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። ባለፈው ሰሞን «ጋሼ፣ መኪናው ከሰው ይልቅ በርካሽ የተገኘ ይመስልዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱን አላውቅም» አሉኝ። «ግን የከፈልሁት ስለ ምን እንደ ሆነ ዐውቃለሁ። የባንኩም ቀን ሲደርስ እንቅልፍ አያሳጣኝም።»

እኛም ለበግ ያላፈርነውን አንደበት ለመኪናም እንድናውለው እመኛለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላልና፣ ከመፈረምም መጠየቅ ይቅደም።