ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሆኖ ሲቀር

በአገራችን «እንግሊዝኛ እችላለሁ» የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አንብቦ የሚገባው፣ ሌላው ሰምቶ የሚገባው። የመጀመሪያው ዓይነት በሽ ነው፤ ሁለተኛውን በፋኖስ ፈልጉት። የሚገርመው የመጀመሪያው ሰው ሁለተኛውንም የሆነ መስሎት መኖሩ ነው። ስብሰባ ላይ የውጭው ባለሙያ አንድ ሰዓት ሙሉ ተናግሮ «ጥያቄ አለ?» ሲል አዳራሹ ጭጭ ይላል። ባለሙያውም «መቼም ግልጽ ሆኖላቸዋል» ብሎ ወረቀቱን ይሰበስባል። ጉዱ የሚፈላው ለሻይ ሲወጣ ነው። «ለመሆኑ ሰውዬው ምንድነው ያለው?» «እኔ እንጃ! አንተ ስትነቀንቅ አይቼ ነው የነቀነቅሁት።»

ነገሩ ቀልድ ቢሆን ስቀን ባለፍነው። ግን እንጀራ ነው። በስልክ ቃለ መጠይቅ የሚደረግለት ወጣት ሥራውን እያወቀ ጥያቄውን ባለመስማቱ ይወድቃል። ማሽን ሊተክል የመጣው መሐንዲስ ያስረዳውን ቴክኒሻኑ በግማሽ ሰምቶ ይረከባል፤ ማሽኑ ሲቆም ደግሞ «ዕቃው የማይረባ ነው» ይባላል። «ፊፍቲ» ይሁን «ፊፍቲን» ያልለየ የጤና ባለሙያ የሚጽፈውን የመድኃኒት መጠን አስቡት። በ50 እና በ15 መካከል የሰው ነፍስ አለ።

ጥፋቱ ከየት መጣ? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከትምህርት ቤት እንጀምር። የእኛ ተማሪ እንግሊዝኛን ከታችኛው ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይማራል፤ ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ደግሞ ሌላውን ትምህርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ይማራል። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰዋስው ይተነትናል፣ ባዶ ቦታ ይሞላል፣ «አክቲቩን ወደ ፓሲቭ ለውጥ» ይባላል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚመዝነው በወረቀት ላይ ያለውን እንግሊዝኛ ነው፤ ጆሮን አይፈትንም። የማይፈተን ነገር ደግሞ አይጠናም፤ አስተማሪውም አያስተምረውም። እንግዲህ ተማሪያችን እንግሊዝኛን በዓይኑ ነው የተማረው። እንደ ግእዝ ያለ የመጽሐፍ ቋንቋ አድርገን ሰጥተነው ስናበቃ፣ ለምን አልሰማህም ብለን እንቆጣዋለን።

በ1997 ዓ.ም. የጀመረውን «ፕላዝማ» የሚረሳ አለ? ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየመጣ በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ይንቆረቆር ነበር። ተናጋሪዋ አትቆም፣ አትደግም፣ «ገባችሁ?» አትል። መምህሩ መግቢያና መውጫው ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት በቀረው ጊዜ እንደ ተማሪው ቆሞ ያያል። ስለ ፕላዝማ ብዙ ተብሏል፤ ያልተባለው ግን አንድ ነገር ነው። ማዳመጥ ላልተማረ ትውልድ የተሰጠ ትልቅ የማዳመጥ ፈተና ነበር። ፈተናው ሲከብድ ተሳደብን እንጂ ጆሮ ማሠልጠኛ አላበጀንም።

ይህን ሁሉ ብዬ ጥፋቱን ለመንግሥት ጭኜ ልሄድ አይደለም። እሱማ የለመድነው ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ነገ ጠዋት ሥርዓቱን ቢያስተካክል እንኳ ትምህርቱን የጨረሰውን ሰው ጆሮ መጥቶ አይከፍትለትም። ዲግሪ ይዞ፣ ደመወዝ እየበላ፣ ልጅ እያሳደገ «እኛ ሳንማር ቀርተን ነው» የሚል ሰው ሰበብ እንጂ ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው ሰበባችን «አክሰንቱ ከብዶኝ ነው» የሚለው ነው። እንግሊዙ «ቃላት ይውጣል»፣ አሜሪካዊው «በአፍንጫው ይናገራል»፣ ሕንዱ «ይፈጥናል»። የዓለም ሕዝብ ሁሉ ተሳስቶ እኛ ብቻ ደህና ሆንን ማለት ነው? እውነቱ ሌላ ነው። ያልሰማነው ቃል አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍ ብናየው የምናውቀው ቃል ነው። እኛ «ዋት አር ዩ ጎይንግ ቱ ዱ» ብለን አንድ በአንድ ስንጠብቅ እነሱ «ዋቻ ጎና ዱ» ብለውት ያልፋሉ። «ካን» በዓረፍተ ነገር መካከል «ክን» ይሆናል። «ካንት» ግን መጨረሻው ቢዋጥ እንኳ ክብደቱን አይለቅም። ስለዚህ «ት»ን የሚጠብቅ ጆሮ «እችላለሁ»ን ከ«አልችልም» ሳይለይ ይቀራል፤ መሰማት ያለበት ክብደቱ ነው። «ፊፍቲ» ላይም ድምፁ የሚጫነው መጀመሪያው ላይ ነው፤ «ፊፍቲን» ላይ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ላይ።

እኛስ እንዲሁ አይደለንም? «ደህና አደርክ» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ «ደናደርክ» ብሎ ነው የሚያልፈው። «አለ» ሲላላ መናገር ነው፣ ሲጠብቅ መኖር ነው፤ ፊደሉ አይነግረንም፣ ጆሯችን ግን አይሳሳትም። አማርኛን የለመደ የውጭ ሰው «ሐበሾች ቃል ይውጣሉ» ቢለን እንስቅበታለን። የምንስቅበትን ሰበብ ለራሳችን ግን እንቀበላለን።

በዚህ መሐል ገበያው ደርቷል። ስልክ እንጨቱ ሁሉ «በ3 ወር እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ይናገሩ» በሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ገንዘብ ከፍለው ሲገቡ የሚጠብቅዎት ያው የ7ኛ ክፍሉ «ፕረዘንት ቴንስ» ነው። ያልሰማ ሰው ምን ብሎ ሊመልስ ነው አቀላጥፎ የሚናገረው? በነፃ የሚመክሩትም አይሻሉም። «ሲኤንኤን ከፍተህ ተኛ፣ ፊልም እይ፣ በራሱ ይመጣል» ይላሉ። አይመጣም። ከሥሩ ጽሑፍ እየሮጠለት ፊልም የሚያይ ሰው እያነበበ ነው እንጂ እየሰማ አይደለም። ከአቅም በላይ የሆነ ዜና ቀኑን ሙሉ ማስጮህም በድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ድንጋዩ ይረጥባል እንጂ አያበቅልም።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ምናልባት የናቅነውም ለዚህ ይሆናል። ከነጽሑፉ የሚገኝ የ2 ወይም የ3 ደቂቃ ንግግር ይምረጡ። ርዝመቱ አያሳስብዎት፤ ማጠሩ ነው ጥቅሙ። መጀመሪያ ጽሑፉን ሳያዩ ሁለቴ ይስሙት። ቀጥሎ አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር እያቆሙ የሰሙትን በወረቀት ይጻፉ፤ ያልሰሙትን ቦታ ባዶ ይተዉት። ከዚያ ጽሑፉን አውጥተው ያስተያዩ። ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ያመለጠዎት ቃሉን ስለማያውቁት ነው? ወይስ እያወቁት ሌላ ድምፅ ስለሚጠብቁ ነው? የመጀመሪያው መዝገበ ቃላት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው ጆሮ። በቀይ ቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ እንደገና ይስሙት፤ ተናጋሪውን ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ ጮክ ብለው ይበሉት። አፍ ያላወጣውን ድምፅ ጆሮ ቶሎ አይለየውም። ከሳምንት በኋላ ያንኑ ይመልሱት፤ ያን ጊዜ «ይኼንን ነው ያልሰማሁት?» ብለው ይገረማሉ። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል።

ለጀማሪ የሚሆን ነገር ጠፍቶም አያውቅም። የአሜሪካ ድምፅ ሬዲዮ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ በ1,500 ቃላት ገደማ ተወስኖ፣ ከተለመደው የዜና ንባብ ፍጥነት ወደ ሁለት ሦስተኛው ዝግ ብሎ ልዩ የእንግሊዝኛ ፕሮግራም ያስተላልፍ ነበር። በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የጣቢያው ሥራ በመንግሥቱ ትእዛዝ እስኪቋረጥ ድረስ ስንቱ ሰው በነፃ ተምሮበታል፤ ስንቱስ ከጎኑ እያለ ጣቢያ አዙሯል! ቢቢሲም ለተማሪዎች ብሎ በስድስት ደቂቃ የሚያልቅ ዝግጅት ከነጽሑፉ ያወጣል። «ዳታ ውድ ነው» የሚል ቢኖር፣ አንዴ ያወረዱትን ድምፅ ሃያ ጊዜ መስማት ዳታ አይበላም። «ጊዜ የለኝም» ለሚል ደግሞ የታክሲው ሰልፍ አለ።

ወደ ውጭ ለመሄድ አይልትስ የሚፈተኑ ወገኖቻችን ይህን ዘግይተው ነው የሚደርሱበት። የማዳመጡ ክፍል 40 ጥያቄ አለው፤ የቀረጻው ርዝመት ወደ ግማሽ ሰዓት ነው፤ ድምፁ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዓመታት የተኛ ጆሮ በሁለት ሳምንት ጥድፊያ ይነቃል ብሎ የፈተና ብር መክፈል ዕቁብን እንደ መበተን ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ አለመሆኑ ነው። የአብነት ተማሪ ዜማን የሚማረው እንዴት ነው? የኔታ ይላሉ፣ እሱ ይሰማል፤ ተከትሎ ይላል፤ ሲሳሳት ይመለሳል፤ ሌሊት ብቻውን ያንኑ ይደጋግማል። በንባብ ቤትም ቃሉን ማወቅ ብቻ አይበቃም። ተነሹን ከወዳቂው፣ ሰያፉን ከተጣዩ ሳይለይ አነበበ አይባልም። ድምፅ የት ይነሳል፣ የት ይወድቃል የሚለውን አባቶቻችን ስም አውጥተው አስተምረዋል። እኛ ዘመናዊዎቹ ይህንን ጥለን እንግሊዝኛን በባዶ ቦታ ሙላ ልንማር ተነሳን። የቁርኣን ቤቱም ልጅ ከሼሁ አፍ ሰምቶ ነው የሚይዘው። ቆሎ ለምኖ የሚያድር ሕፃን የቻለውን፣ ዘመናዊ ስልክ በኪሱ የያዘ ባለዲግሪ አቃተኝ ሲል ማፈር አለበት።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ባዳ ደግሞ ዘመድ የሚሆነው በመመላለስ እንጂ በምኞት አይደለም። ዛሬ ማታ አንድ የ3 ደቂቃ ድምፅ፣ አንድ ወረቀት፣ አንድ እስክሪብቶ። የ3 ወሩን ክፍያ ለልጆች ጫማ ያድርጉት።