በጠቅላላ ዋጋ የሚሸጥ ዕረፍትና የአገና መስቀል

ከጉራጌ አገር ወጥቶ በመርካቶም ሆነ በሌላው ከተማ በንግድ የሚተዳደር ሰው፣ ዓመቱን በሙሉ ከሱቁ ሳይለይ ሲሠራ ከርሞ የመስቀል በዓል በተቃረበ ጊዜ ቁልፉን አዙሮ ወደ አገሩ የሚገባ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከአስመጪው ጀምሮ እስከ ቸርቻሪው ድረስ ከእርሱ ጋር ሒሳብ ያለው ሁሉ የዱቤውን ቀን የሚቈርጠው ይህንኑ እያሰበ ነው። እንግዲህ ለዚህ ሰው ዕረፍት ማለት መስቀል ነው፤ ከዚያ ውጪ ዕረፍት ብሎ የሚቈጥረው ቀን እጅግ ጥቂት ነው።

ዛሬ ግን ገንዘብ ላለው ሰው ሌላ ዐይነት ዕረፍት ይቀርብለታል። ይኸውም በጠቅላላ ዋጋ የሚሸጠው ነው። ገዢው ከቤቱ ሳይወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ መኝታው፣ ቁርሱ፣ ምሳው፣ እራቱ፣ መጠጡና የባሕር ዳር ጨዋታው፣ አንዳንድ ጊዜም የአውሮፕላኑ ቲኬት ጭምር ተሟልቶ ይጠብቀዋል። በዚህ ንግድ ስማቸው ከታወቁት አገሮች መካከል በካሪቢያን ባሕር ደሴቶች ላይ የሚገኙት ጃማይካና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ይገኙባቸዋል። ጃማይካ ለኢትዮጵያውያን ባዕድ ስም አይደለችም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ኪንግስተን በገቡ ጊዜ ሊቀበላቸው የወጣው ሕዝብ ብዛት እስከ ዛሬ ይነገራል። ስለዚህ የአገና ተወላጅ የሆነ ነጋዴ ወደዚያች ደሴት ሄዶ አንድ ሳምንት ከባሕሩ ዳር ቢያርፍ የሚነቅፈው አይገኝም። ነገር ግን ነጋዴ እንደ መሆኑ መጠን፣ ዕቃውን ከመግዛቱ በፊት አገላብጦ ሊያየው ይገባል።

የዚህ ንግድ አጀማመር ራሱ ሊታወቅ የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 ጄራር ብሊትዝ የተባለ የቤልጂግ ሰው ክለብ ሜድ የሚባለውን ማኅበር አቋቁሞ፣ በስፔን ግዛት በማዮርካ ደሴት በድንኳን የሚያድሩ እንግዶችን በአንድ ክፍያ መቀበል ጀመረ። ምግቡ በክፍያው ውስጥ ሲሆን የመጠጡ ሒሳብ ግን ለብቻው ነበር፤ ኋላም እንግዶቹ ዶቃ ገዝተው በአንገታቸው እያንጠለጠሉ የሚጠጡትን በዶቃው ይከፍሉ ጀመር። በዶቃ መገበያየት የጥንት ሰው ሥራ ነው ብሎ የሚስቅ ቢኖር፣ ደንበኛ ብሩን ከኪሱ ሲያወጣ የሚሰማውን ቅሬታ ዶቃው የሚያስረሳው መሆኑን ማስተዋል አለበት።

በካሪቢያን ይህን ንግድ ካስፋፉት መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሣው ጎርደን ስቱዋርት ነው። ይህ ጃማይካዊ ከመነሻው ሆቴል ጠባቂ አልነበረም፤ አስመጪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1968 ባቋቋመው ድርጅት የአየር ማቀዝቀዣ መኪና እያስመጣ ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ1981 በሞንቴጎ ቤይ የሚገኝ አንድ ሆቴል ገዝቶ አደሰና ሳንድልስ የሚለውን ስም ሰጠው። በ2021 ሲሞት ሆቴሎቹ በብዙ ደሴቶች ተስፋፍተው ነበር። በመርካቶ ማቀዝቀዣና ምድጃ የሚያስመጣ ነጋዴ ይህን ታሪክ ሲሰማ፣ ከጃማይካ ሄዶ ከማረፍ ይልቅ ጃማይካዊው የሠራውን በአገሩ ቢሠራ ምን ያገኝ እንደ ነበር ቢያስብ አይፈረድበትም።

ወደ ገዢው እንመለስ ቢባል፣ የመጀመሪያው ችግር የቀኑ ነገር ነው። በካሪቢያን ባሕር የዐውሎ ነፋሱ ወራት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር ሲሆን፣ ኃይሉ እጅግ የሚበረታው መስከረም በሚጠባበት ሰሞን ነው። ጊልበርት የተባለው ዐውሎ ነፋስ መስከረም 2 ቀን 1981 ዓ.ም. ጃማይካን ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ አቋርጦ ብዙ ቤትና ንብረት አጥፍቷል። የሆቴሉ ዋጋ በመስከረም የሚረክሰውም ስለዚህ ነው። እንግዲህ ሱቁን የሚዘጋው ለመስቀል ብቻ የሆነ ነጋዴ፣ ወደ ደሴቲቱ ለመሄድ የሚመቸው ቀን ደሴቲቱ እንግዳ ለመቀበል ከማይመቻት ወር ላይ ይወድቅበታል። ሰማዩ የጠራበትን ወር ልምረጥ ቢል ደግሞ፣ ዋጋው ከሚወደድበት ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ካለው ጊዜ ላይ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ገናና ፋሲካ ስላሉ ሱቅ የሚዘጋ ነጋዴ የለም። በዚህ ላይ መንገዱ ሩቅ ነው፤ በአሜሪካ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ለመሸጋገሪያው ብቻ የዚያን አገር ቪዛ ማግኘት ያስፈልጋል። ዋጋው የሚቈረጠው በዶላር ሲሆን፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ፣ ጉዞው በታሰበበት ቀንና ገንዘቡ በሚከፈልበት ቀን መካከል ሒሳቡ ሊለዋወጥ ይችላል። ይህን ለአስመጪ መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል።

ሁለተኛው ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ይከብዳል። በጠቅላላ ዋጋ የሚሠራው ሆቴል ብዙውን ጊዜ በአጥር የተከበበ ነው። እንግዳው በእጁ ላይ አምባር መሳይ ምልክት ታስሮለት ይገባል፤ በግቢው ውስጥ ሁሉም ነገር ስለ ተከፈለለት ከበሩ የሚወጣበት ምክንያት የለውም። ከበሩ ውጪ ያለው ባለ ምግብ ቤት፣ ባለ ታክሲ፣ ፍራፍሬ ሻጭና ባለ ሱቅ እንግዳው ሲመጣና ሲሄድ በአውቶቡስ መስኮት ያየዋል እንጂ ገንዘቡን አያየውም። በጠረጴዛው ላይ ከሚቀርበው ምግብና መጠጥ ብዙው ከሌላ አገር በመርከብ የሚመጣ በመሆኑ፣ የተከፈለው ዶላር በደሴቲቱ ሳያድር ተመልሶ ይወጣል። በካሪቢያን የሚኖሩ ትናንሽ ነጋዴዎች ይህን ሲያማርሩ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። ሆቴሉ ለሠራተኛው ደመወዝ፣ ለመንግሥት ግብር የሚከፍል መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ከአጥሩ ውጪ ላለው ገበያ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

አሁን ይህን ከአገና ጋር ማስተያየት ይገባል። አገና በጉራጌ ዞን የእዣ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በሰበታ፣ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ለመድረስ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ደጋው ሲወጡ አገና ይደረሳል። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ ገንዘብ እያዋጡ የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁመው አገራቸውን በመንገድ ለማገናኘት የደከሙበት ምክንያት አንዱ ይኸው ወደ አገር ቤት የመግባት ፍላጎት መሆኑ አያጠራጥርም። በመስቀል ሰሞን በዚህ መንገድ የሚወርደው መኪና ብዛት የታወቀ ነው።

የመስቀል ዕረፍት ደግሞ በትክክል ከታየ በጠቅላላ ዋጋ የተገዛ ዕረፍት ነው፤ ልዩነቱ ክፍያው ለሆቴል ሳይሆን ዓመቱን በሙሉ በዕቁብ የሚከፈል መሆኑ ነው። ወንዶቹ ለሰንጋው ገንዘብ ያስቀምጣሉ፤ ሴቶቹ ቅቤ የሚጠራቀምበት ዕቁብ አላቸው። እንሰቱ ተፍቆ፣ ቆጮው በጉድጓድ ተቀብሮ ለወራት ይብላላል። የደመራው እንጨት አስቀድሞ ተፈልጦ ይደረደራል። ቤቱ ይለቀለቃል፤ ጣባው ይዘጋጃል። በዓሉ ሲደርስ የጎመን ክትፎ የሚበላበት የሴቶቹ ቀን ይቀድማል፤ የእርዱና የትልቁ ድግስ ቀን ይከተላል። የተጣላ ይታረቃል፤ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ልጅ ይታጫል። ሰፊው የጀፎረ ሣር በሰው ይሞላል። ይህን የመሰለ ዝግጅት አስቀድሞ በአሳብ የሚያሰናዳ ሕዝብ የጉዞ ወኪል ሊያስተምረው የሚችለው ነገር እምብዛም አይገኝም።

ታዲያ ከዚህ የሚነሣው ጥያቄ፣ ይህን በዓል በአገና ዘመድ የሌለው ሰው እንዴት ሊያየው ይችላል የሚለው ነው። የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መካከል ተመዝግቧል። በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም፣ ከእነርሱ የተወለዱ ልጆችም፣ የውጭ አገር ሰዎችም የጉራጌን መስቀል ለማየት ይመጣሉ፤ ወደፊትም ቁጥራቸው መጨመሩ የማይቀር ነው። እንግዳ ተቀብሎ በዶላር ማስከፈል ደግሞ በላኪዎች ዘንድ እንደ ወጪ ንግድ የሚቈጠር ነው፤ ዕቃው ከአገር ሳይወጣ ይሸጣል፤ ለመርከብም ለጉምሩክም የሚከፈል የለም። ስለዚህ አንዱ ብልህ ነጋዴ የአገናን መስቀል በጠቅላላ ዋጋ አድርጎ ለእንግዳ የሚሸጥበት ቀን ሩቅ አይደለም። የሚያሳስበው እንዴት አድርጎ ይሸጠዋል የሚለው ነው።

አንዳንድ ሽማግሎች መስቀል አይሸጥም ይላሉ። ልክ ናቸው። አንድ የእዣ አባወራ ከደጁ የደረሰውን እንግዳ ዋጋ ጠይቆ ክትፎ አያቀርብለትም፤ እንዲህ ያለ ነገር ቢደረግ ነውር ነው። ነገር ግን እንግዶቹ በመኪና ተጭነው ሃያም ሠላሳም ሆነው ሲመጡ የአንድ ቤት ጣባ አይበቃቸውም፤ መኝታ ያስፈልጋቸዋል፤ ውሃ ያስፈልጋቸዋል፤ አስጎብኚ ያስፈልጋቸዋል። ይህን ሁሉ የቤቱ ባለቤት በነጻ ይቻለው ማለት ደግነቱን መበዝበዝ ይሆናል። ምርቃቱና እርቁ ሳይሸጡ፣ አልጋው፣ ምግቡና መጓጓዣው ቢሸጡ ማንንም አያዋርድም።

በዚህ ጊዜ ከካሪቢያኑ አጥር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የአዲስ አበባ ወኪል ሥጋውንም፣ ቅቤውንም፣ የታሸገውን ውሃም ከመርካቶ ገዝቶ፣ ምግብ አብሳዩንም ይዞ ወርዶ፣ እንግዶቹን በድንኳን አብልቶ በማግሥቱ ቢመልሳቸው፣ ለአገና የሚቀርላት የመኪናው አቧራ ብቻ ነው። ሒሳቡን በአገና ገበያ በኩል ማሳለፍ ግን ይቻላል። ሰንጋው ከእዣ ገበሬ ይገዛ፤ ቆጮው ከአገና ሴቶች ይገዛ። እንሰት መፋቅና ቆጮ ማዘጋጀት የሴቶች ከባድ ድካም ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ በሒሳብ መዝገብ ላይ ሳይጻፍ የሚታለፍ ነው፤ በዚህ ንግድ ውስጥ ግን ራሱን የቻለ ዋጋ ሊቈረጥለትና ገንዘቡም በእጃቸው ሊሰጣቸው ይገባል። ቅቤን በሚመለከት፣ በበዓል ሰሞን ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ቅቤ ወደ ገበያ የሚወጣ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም፤ ከሴቶቹ የቅቤ ዕቁብ ጋር አስቀድሞ ተዋውሎ መግዛት ከዚህ ጥርጣሬም ያድናል።

ከዚህ በቀር አንድ ነገር ማድረግ ይጠቅማል፤ ይኸውም ጠቅላላው ዋጋ ጠቅላላ እንዳይሆን ማድረግ ነው። ለአራት ቀን የሚመጣ እንግዳ ቢያንስ የአንድ ቀን ምሳውና አንድ ከሰዓቱ ከክፍያው ውጪ ይሁን። ያን ጊዜ እንግዳው ወደ ከተማው ወጥቶ ከፈለገው ምግብ ቤት ይበላል፤ ቡና ይጠጣል፤ ከባለ ሱቁ ይገዛል። ጣባና የቀንድ ማንኪያ የሚሸጠውም ያን ቀን ነው። የጉዞ ወኪሉ ደንበኛዬ ቅር ይለዋል ብሎ ይከራከር ይሆናል፤ ነገር ግን ክለብ ሜድ እንኳ መጠጡን በዶቃ ለብቻው እያስከፈለ ደንበኛ አላጣም። በመንገዱም ላይ እንዲሁ ሊታሰብ ይችላል፤ በወልቂጤ የመጣ እንግዳ በቡታጅራ በኩል ቢመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የተመዘገቡትን የጢያ ትክል ድንጋዮች አይቶ ያልፋል፤ በየከተማው ያለው ባለ ሻይ ቤትም ይጠቀማል።

የአገና ባለ ሱቅም ከወዲሁ የሚሠራው አለ። እስከ ዛሬ ለመስቀል የሚያስመጣው ጨው፣ ስኳር፣ ሻማና ልብስ ነው፤ እንግዳው ግን የስልክ ቻርጀርና የእጅ ባትሪ፣ የዝናብ ልብስ፣ ንጹሕ ብርድ ልብስ ይጠይቃል፤ የአገናም ደጋ በመስከረም ይበርዳል። የመርካቶ ጅምላ ነጋዴዎች ከሱቃቸው ከመውጣታቸው በፊት ይህን ዕቃ በዱቤ ቢልኩለት፣ ራሳቸውም በዓሉን በዚያው የሚያከብሩ ስለ ሆነ ሒሳባቸውን በእጃቸው ተቀብለው ይመለሳሉ። ለአረፋ ወደ አገሩ የሚገባው ሙስሊም ጉራጌም ብዙ ነው፤ የአረፋ ቀን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ለመስቀል የተገዛው አልጋና ብርድ ልብስ በሌላ ወር ሁለተኛ ገበያ ያገኛል።

እንግዲህ ይህን ለመሞከር የሚያስብ ነጋዴ ከሁሉ አስቀድሞ ለቅቤው፣ ለሰንጋውና ለቆጮው ቀብድ ከፍሎ ውሉን መፈራረም አለበት፤ ለእንግዳው የሚነግረው ዋጋ ከዚያ በኋላ የሚወጣ ነው። ውሉም ከሰኔ ማለፍ የለበትም፤ ነሐሴ ከገባ ቅቤውም ሰንጋውም የመስቀልን ዋጋ መጥራት ይጀምራሉና።